ጣሪያው ላይ ያለው ካሎሊ

አባ ኮዳ በእኛ አገር ካሎሊ ነው የሚባለው። ካሎሊ ደግሞ የሰው ስም ነው፤ ካቶሊኮቻችን ወንድ ልጃቸውን ክርስትና ሲያስነሱ የሚያወጡት የሰማዕት ስም። ወፉና ሰውዬው በአንድ ስም ቢጠሩ ማንም ግር ብሎት አያውቅም። «ካሎሊ ቆሻሻ ገንዳው ላይ ቆሟል» ከተባለ ወፍ ነው፣ «ካሎሊ ሚስት አገባ» ከተባለ ሰው ነው፤ አለቀ። ግር ያለኝ እኔ ነኝ። እኔ ግር ስላለኝም ሰው ሞቷል።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ካምፓላ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኞች የሚኖሩበት ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ ነበርን። ከበረንዳችን ፊት ለፊት ትልልቅ ዛፎች ነበሩ፤ ዛፎቹ ላይ ካሎሊዎች ጎጆ ሠርተዋል። ሰው ሁሉ ይጠላቸዋል። ራሰ በራ ናቸው፣ አንገታቸው ላይ ቀይ ከረጢት ተንጠልጥሏል፣ እግራቸው በገዛ ኩሳቸው ነጭ ሆኗል፣ ይሸታሉ፣ የታጠበ ልብስ ያበላሻሉ። እኔ ግን ነፍሴ እስኪወጣ እወዳቸው ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ይዤ በረንዳ ላይ እቀመጥና ስንት ጫጩት እንደተፈለፈለ፣ ጭልፊቷ ዛሬ ከማን እጅ ሥጋ እንደነጠቀች፣ ጋጋኖዎቹ ጠዋት ስንት ጊዜ እንደጮኹ እጽፋለሁ። በረንዳው ግድግዳ ላይ ፀሐይ የሚሞቁትን እንሽላሊቶች እንኳ አንድ በአንድ ስም አውጥቼላቸው ነበር።

«ይቺን ልጅ የወለዳት ወፍ ነው መሰለኝ» ይላል አባቴ።

«በአንተ ወገን ይሆናላ» ትላለች እናቴ። «በእኔ ወገን ወፍ የለም።»

ያኔ ገና ይቀላለዱ ነበር።

አባቴ ኤሪሳ ይባላል። መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ቀጭን፣ ንጹሕ፣ መኪና ደጃችን ሲቆም ከወንበሩ የሚነሳ ሰው። ፈሪ ነው እል ነበር። ያኔ የማይፈራ ሰው ሞኝ ብቻ እንደነበረ ማን ይንገረኝ? ሰው ከመንገድ ላይ እየታፈሰ፣ በመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ታጥፎ ተጭኖ፣ በዚያው ደብዛው የሚጠፋበት ዘመን ነበር።

እናቴ አንድ ታናሽ ወንድም ነበራት። የእናት ወንድም እኛ ዘንድ ኮጃ ነው። ኮጃ ይባላል እንጂ ልጅ የኮጃውን ስም አይጠራም፤ ነውር ነው። እናቴም ቢሆን እኔ ፊት «ወንድሜ» ነበር የምትለው። ስለዚህ ኮጃዬ እንደማንም ሰው ስም እንዳለው አስቤ አላውቅም። ለእኔ ስሙ ኮጃ ነው። ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበር፤ ጣቶቹ ቀለም አይለቃቸውም፤ ሲመጣ ትከሻው ላይ ያወጣኝና ጎጆዎቹን ከላይ ያሳየኛል፤ ሲስቅ ሕንፃው በሙሉ ይሰማዋል።

አንድ ሰሞን መምጣት አቆመ።

«ኮጃ የት ሄደ?»

«ናይሮቢ» አለች እናቴ። ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም።

ናይሮቢ አልሄደም። አንድ ወረቀት አትሟል ተብሎ ሊይዙት ሲመጡ በማተሚያ ቤቱ አጥር ዘሎ እግሩን ሰበረ፤ እናቴም ጣሪያችን ላይ የውሃ ታንከሩ ያለበት ትንሽ ክፍል ውስጥ ደበቀችው። አርባ ሦስት ቀን እዚያ ኖረ። ይህን ዛሬ ነው የማውቀው። ያኔ የማውቀው ጣሪያችን ላይ እግሩ የተሰበረ ካሎሊ እንዳለ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሮቢናን የወለደች፣ ማማ ሮቢና የምንላት፣ ሐኪም ቤት የምትሠራ ሴትዮ ነበረች። ከእናቴ ጋር ወጥ ቤት ይገቡና ሙዝ እየላጡ ያወራሉ። አንድ ቀን በሩ ሥር ተቀምጬ ሰማኋቸው።

«ካሎሊ ዛሬ በላ?»

«ግማሹን መለሰው።»

«እግሩስ?»

«አብጧል እባክሽ። ትናንት ስነካው አለቀሰ።»

ዘልዬ ገባሁ። «ማማ፣ ካሎሊ ያለቅሳል እንዴ?»

ሁለቱም ክው አሉ። ማማ ሮቢና የያዘችው ቢላዋ ከእጇ ወደቀ። ከዚያ እናቴ ሳቀች፤ ሳቋ ቆይቶ ነው የመጣው።

«ያለቅሳል እንጂ። እግሩ የተሰበረ ካሎሊ ጣሪያው ላይ አግኝተን እያስታመምን ነው። ለማንም እንዳትናገሪ! ጎረቤት ከሰማ ቆሻሻ ወፍ ሰበሰባችሁ ብሎ ይከሰናል።»

«ልየው?»

«ዓይንሽን ነው የሚያወጣው! ታሟል፣ ይናከሳል። ጣሪያ ላይ እግርሽን ታደርጊና ውርድ ከራሴ።»

በስሙ የሚጠሩት ሆን ብለው ነበር። ዛፉ ሁሉ ካሎሊ በሆነበት ሰፈር፣ ስለ ካሎሊ ቢወራ ማን ጆሮውን ያቆማል? ብልሃት ነው። እኔም ልክ እነሱ እንደፈለጉት አመንኩ። ከሁሉም በላይ እኔ አመንኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ወፍ የእኔ ሆነ። ደብተሬ ላይ ለብቻው ገጽ ሰጠሁት። «ካሎሊ ዛሬ ትኩሳት አለው።» «ካሎሊ የኦቾሎኒ ወጥ በላ።» ወፍ የኦቾሎኒ ወጥ እንዴት ይበላል ብዬ አልጠየቅሁም፤ ቆሻሻ የሚበላ ወፍ ምን ያቅተዋል? እናቴ ሁልጊዜ አሥር ሰዓት ላይ ልብስ አሰጣለሁ ብላ ገንዳ ተሸክማ ትወጣለች፤ ከእርጥቡ ልብስ ሥር ሳህን አለ። አንድ ቀን ሳታየኝ እስከ ደረጃው ጫፍ ተከተልኳት። አፏን በሩ ላይ ለጥፋ፣ ሕፃን እንደምታባብል አድርጋ ጠራችው።

«ካሎሊ… ካሎሊዬ…»

መቀርቀሪያ ሲንሸራተት ሰማሁ። ማን እንደከፈተው አላሰብኩም። ያሰብኩት እናቴ እኔን እንደዚያ ጠርታኝ እንደማታውቅ ነው፤ ቅናት ቢጤ ያዘኝ።

ጠቡን የሰማሁት በሚቀጥለው እሑድ ነው። አባቴና እናቴ መኝታ ቤት ገብተው በሹክሹክታ ይጨቃጨቃሉ፤ በሹክሹክታ የሚጨቃጨቁ ሰዎች ከሚጮኹት የበለጠ ያስፈራሉ።

«ይሄ ካሎሊ ሁላችንንም ያስጨርሰናል!»

«በአንድ እግሩ ወዴት ይሂድ? ንገረኛ!»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ልጅ አለችኝ እኮ! እኔስ ልሙት፣ ልጅ አለችኝ!»

«ድምፅህን ቀንስ።»

«እስከሚቀጥለው እሑድ ድረስ ካላወጣሽው እኔ ራሴ ሄጄ እናገራለሁ። ሰምተሻል? እናገራለሁ!»

 እንደማያደርገው እናቴም ታውቅ ነበር ይመስለኛል። እኔ ግን አላወቅሁም። ለአንድ ለታመመ ወፍ የማይራራ አባት! በዚያች ቀን አባቴን ጠላሁት። ወፌንም ከእሱ እጅ ለማዳን ስድስት ቀን ነበረኝ።

አንድ ሰውዬ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ነጭ መኪናውን ዛፎቹ ሥር ያቆማል፣ መስኮቱን ያወርዳል፣ በሩቅ ማያ መነጽር ወደ ላይ ያያል። ቀኑን ሙሉ! አበባ አበባ ያለው ሸሚዝ ይለብሳል፣ ከረሜላ ይበላል። እንደ እኔ ያለ ሰው በዓለም ላይ መኖሩን አላውቅም ነበር። ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ወረድኩና እንደ ደንባችን ተንበርክኬ ሰላም አልኩት።

«ጌታዬ፣ ምን እያዩ ነው?»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ወፍ» አለኝ።

«እኔም እኮ!»

«እውነትሽን ነው? እስቲ ነይ ጎበዝ፣ አሳዪኝ።»

መነጽሩን ዓይኔ ላይ አደረገልኝ። ጫጩቷ ጎጆዋ ውስጥ አፏን ስትከፍት ምላሷ ታየኝ! ጮህኩ። ሳቀ። ደግ ሳቅ ነበረው፤ ልዋሽ አልችልም። ስለ ጭልፊቷ ነገርኩት፣ ስለ ጋጋኖዎቹ ነገርኩት፣ ደብተሬን አምጥቼ አነበብኩለት። ራሱን ነቀነቀልኝ፣ ጠየቀኝ፣ ከረሜላ ሰጠኝ። በሕይወቴ ያን ያህል በጥሞና ያዳመጠኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም፤ ከዚያ በኋላም ብዙ አላጋጠመኝም።

በሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ ነበር፣ እንዲህ ብዬ ጠየቅሁት፤

«የታመመ ወፍ ቢገኝ የት ይወሰዳል?»

«ኤንቴቤ። የአራዊት መጠለያ አለ፣ ሐኪም አለው።»

«ካሎሊም ይቀበላሉ?»

መነጽሩን ከዓይኑ ላይ ዝቅ አደረገ። «ካሎሊ?»

«እግሩ የተሰበረ። እኛ ጣሪያ ላይ ነው ያለው፣ ታንከሩ ቤት ውስጥ። እናቴ ናት የምታበላው። አባቴ ግን እሑድ ሊያባርረው ነው። ለማንም አይናገሩ እሺ?»

ከረሜላውን ማኘክ አቆመ። 

«ስሙ ካሎሊ ነው ነው ያልሽኝ?»

ሳቄ መጣ። ይህን የሚያህል ሰው፣ ከነመነጽሩ፣ የወፉን ስም አያውቅም! «ስሙማ አይደለም ጌታዬ፣ ወፉ ነው እንጂ! ካሎሊ!» አልኩና በጣቴ ዛፉ ላይ ያሉትን አሳየሁት።

«ገባኝ» አለኝ። «እኔ እወስደዋለሁ። አይዞሽ።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መጣ። እናቴ ናካሴሮ ገበያ ሄዳለች፤ አባቴ ሥራ ላይ ነው። ሁለት ሰዎች ከኋላው ነበሩ። አንዱ ገመድ ይዟል።

«በገመድ አትሰሩት» አልኩት ተቆጥቼ። «ክንፉ ይሰበራል።»

«አንሰብረውም። ምሪና።»

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ መራኋቸው። ከእናቴ ውጭ ሰው ቢጠራው ይደነግጣል ብዬ ስለፈራሁ፣ በሩ ጋ ስንደርስ ጣቴን አፌ ላይ አድርጌ ዝም አሰኘኋቸው። ሦስት ትልልቅ ሰዎች እሺ ብለው ዝም አሉልኝ። አፌን በሩ ላይ ለጠፍኩ። እንደ እናቴ አድርጌ፣ በጣም ለስላሳ በሆነ ድምፅ ጠራሁት።

«ካሎሊ… ካሎሊዬ…»

ውስጥ አንድ ነገር ወለሉ ላይ ተጎተተ። ከዚያ መቀርቀሪያው ተንሸራተተ።

በሩን ይሰብሩት ነበር። ቀጭን የእንጨት በር ነው፤ አንድ እርግጫ ይበቃዋል። ይህን ለራሴ ስንት ሺህ ጊዜ እንደነገርኩት አላውቅም። ግን አልሰበሩትም። ከፈተልኝ።

የወጣው ኮጃ ነበር። ጢሙ አድጓል፣ ከስቷል፣ እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሏል፣ ፀሐዩ ዓይኑን ወጋውና አጨናበሰው። መጀመሪያ ያየው እኔን ነው። ፈገግ አለ። ከዚያ ከራሴ በላይ ቀና ብሎ አየ።

ሲይዙት እኔ በመሐላቸው ሾልኬ ወደ ውስጥ ገባሁ። ወፌን ፍለጋ። ምንጣፍ፣ ባልዲ፣ ሳህን። ከታንከሩ ኋላ አየሁ፣ ሥሩ አየሁ። የለም። ኮጃ ከናይሮቢ መቼ መጣ? እዚህስ ምን ይሠራል? አንዱም አልገባኝም። የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሩ ሲከፈት ካሎሊ በርሮ አምልጧል። እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

ደረጃው ላይ አባቴ ወደ ላይ ሲወጣ ተገናኘን። ለምን በዚያ ሰዓት ከሥራ እንደመጣ አላውቅም፤ ጠይቄውም አላውቅም። ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ባለ አበባ ሸሚዙ ሰውዬ ሲያልፍ ጉንጬን ቆንጠጥ አደረገና «ልጅህ ጎበዝ ናት። ወፍ ታውቃለች» አለው።

ኮጃ እየጎተቱት ነበር። አባቴን አየው፣ እኔን አየኝ፣ እንደገና አባቴን አየው።

«ኤሪሳ» አለ፤ «ልጅቷን አደራ።»

ሌላ ቃል አልጨመረም። ከዚያ ወዲህ አላየነውም። አስከሬኑንም አልሰጡን።

አባቴ ቤት አስገባኝና ፊቴ ተንበረከከ። አባት ለልጁ ሲንበረከክ አይቼ አላውቅም ነበር። 

«ተኝተሽ ነበር። ከትምህርት ቤት መጥተሽ ተኛሽ። ማንንም አላየሽም። በይ እስቲ።»

«ግን እኮ ታታ፣ ካሎሊ…»

«ተኝተሽ ነበር!»

እናቴ ሙዟን ተሸክማ ገባች። ጎረቤት ታች ነግሯታል መሰለኝ፣ ፊቷ ላይ ደም የለም። ሮጬ ቀሚሷን ያዝኩ።

«ማማ አታልቅሺ! ካሎሊ አምልጧል! በረረ!»

ያን ጊዜ የበራውን ፊቷን ምን ብዬ ልንገራችሁ? በሕይወቴ እንደዚያ ሲበራ ያየሁት ፊት የለም። ሙዙ ከእጇ ወደቀ። «አመለጠ? እውነት? ኤሪሳ፣ አመለጠ?»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ።

«ወሰዱት።»

«ማን ነገራቸው?» ማማ ሮቢናን የጠረጠረች ይመስለኛል። ከዚያ ዓይኖቿ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ናንቴዛ፣ በረረ ያልሽው ምንድን ነው? ምን አየሽ?»

አፌን ከፈትኩ። ጓደኛዬን፣ ባለ መነጽሩን ሰውዬ ልነግራት ነበር። አባቴ ቀደመኝ።

«እኔ ነኝ» አለ። «እናገራለሁ ብዬሽ ነበር። ተናገርኩ።»

የተሰማኝን ልንገራችሁ? ተናደድኩ! ሰውዬውን ያገኘሁት እኔ፣ የለመንኩት እኔ፣ እሱ ምን አድርጎ ነው የእኔን ሥራ የሚወስደው? ግን እናቴ ፊቱ ላይ ስትተፋበት ድምፄ ጠፋ። አባቴ ምራቁን አልጠረገውም።

አልተፋቱም፤ ካቶሊክ ናት፣ አትፋታም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ምግቡን ጠረጴዛ ላይ ጥላለት ትሄዳለች፤ ተንበርክካ ማቅረቧ ቀረ። በስሙም፣ በልጁ ስምም አልጠራችውም። በአንድ አልጋ ላይ ጀርባዋን ሰጥታው ተኛች።

እኔ የነቃሁት በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። መንግሥት ተለውጦ ስለነበር ሰው የሞቱበትን በአደባባይ ማስታወስ ጀምሯል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቄሱ ጸሎት የሚደረግላቸውን ስም ያነባል፤ «ካሎሊ ሴማንዳ» አለ። ጎኔ ያለችው እናቴ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። «ማነው?» አልኳት። «ኮጃሽ ነዋ» አለችኝ።

አግዳሚው ወንበር ላይ አስመለሰኝ። ሴቶቹ ልጅቷ ወባ ይዟታል ብለው ተሸክመው አወጡኝ።

ያን ቀን መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። በማግስቱም አልተናገርኩም። ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። እናቴ እኔን ስታይ ፊቷ ይፈታል፤ ያ ፊት እንዳይዘጋብኝ ፈራሁ። ሃያ ዓመት ሲሞላኝ አንድ ጊዜ አባቴን ለብቻው አግኝቼ «ታታ፣ ያን ቀን…» ብዬ ጀመርኩ። ጋዜጣውን እንኳ አላጠፈም።

«ተኝተሽ ነበር» አለኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ኖረ። ደረቱን ታሞ ሞተ። ስንቀብረው እናቴ ወጥ ቤት ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍል ነበር። ሽማግሌዎች ሄደው ለመኗት፤ «ነይ፣ አንድ እፍኝ አፈር እንኳ አልብሺው።»

«የእኔ ወንድም መቃብር የለውም» አለቻቸው። «እሱ በምን ሒሳብ ነው መቃብር ያገኘው?»

ያቺን ቃል መሸከም አቃተኝ። አርባው ሳይወጣ ሄጄ እግሯ ሥር ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። መነጽሩን፣ ኤንቴቤን፣ ደረጃውን፣ አደራውን። ትጮኻለች ብዬ ነበር። ትመታኛለች ብዬ ነበር። ብትመታኝ ምን ነበረበት!

«ካሎሊ ብለሽ ጠራሽው?»

«አዎ ማማ።»

«እንደኔ?»

«እንደ አንቺ።»

ረጅም ጊዜ እጆቿን አየች። «ወፍ ነው ያልኩሽ እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስትናገር ለእኔ አልነበረም የምትናገረው።

«በመጨረሻው ሰሞን አባትሽ ሌሊት ሌሊት ሲያስል ውሃው ያለው በእኔ በኩል ነበር። ጠጣ አላልኩትም። እሱም ስጪኝ አላለኝም።»

«ማማ…»

«ለምን አሁን ነገርሽኝ?»

እውነቱን እንድታውቂ ብዬ ነው አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ውሸት መሆኑን አወቅሁት። የነገርኳት እኔ እንዲቀለኝ ነው። አልቀለለኝም። እሷ ላይ ግን ከበደ። በጥላቻዋ ቀጥ ብላ የቆመች ሴት ነበረች፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጎበጠች። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረች፤ በአባቴ ጎን በኩል ባለው አልጋ ጫፍ ላይ ስትቀመጥ እንጂ ስትተኛ አላየኋትም።

ልትሞት ስትል ጠራችኝ። የአባቴ መቃብር አጠገብ ለእሷ የተተወ ቦታ እንዳለ ታውቃለች፤ በሕይወት ሳለ እሱ ራሱ ነው ያስተወላት።

«አጠገቡ እንዳትቀብሪኝ» አለች።

አሁንም ትጠይዋለሽ እንዴ ልላት ስል ቀደመችኝ።

«በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

እንዳለችኝ አደረግሁ። ወላጆቿ ዘንድ፣ ማሳካ፣ ለብቻዋ ቀበርኳት።